«እሺ» ሁሉ ፈቃድ አይደለም፦ የሥነ ልቦና ጀማሪ ተማሪዎች በምርምር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጄኔራል ሳይኮሎጂ የሚማር ሰው የምርምር ዘዴን ምዕራፍ ቶሎ አልፎት መሄድ ይፈልጋል። ስለ ሕልም፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማስታወስ የሚያወራው ይጣፍጣል። ናሙና፣ መላምት፣ ተለዋዋጭ የሚሉት ቃላት ግን ይደርቁበታል። የሥነ ምግባሩ ክፍልማ ለፈተና አራት አምስት ነጥብ ተሸምድዶ የሚታለፍ ነው።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ጥናቴ ስለ ፈተና ጭንቀት ነበር። መጠይቁን ይዤ የምኖርበትን ዶርም ዞርኩ። ሁሉም ሞሉልኝ፤ አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። በጣም ደስ አለኝ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጓደኛዬ «እኔ እኮ ሳላነበው ነው የሞላሁት፤ አንተን እንዴት እምቢ እልሃለሁ?» አለኝ።

በይሉኝታ የፈቀደ ሰው በይሉኝታ ይመልሳል። ይህ የገባኝ ያን ቀን ነው። ዘዴውና ሥነ ምግባሩ በመጽሐፍ ላይ ሁለት ርዕስ ይሁኑ እንጂ መስክ ላይ አንድ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላውም ይበላሻል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በዚህ ዓይን አንብቧቸው።

«እሺ» ሲባሉ ፈቃድ አገኘሁ ብሎ ማሰብ

በእኛ ባህል እምቢ ማለት ከባድ ነው። ለእንግዳ፣ ለታላቅ፣ ለአስተማሪ፣ ለጓደኛ «አልፈልግም» ማለት ነውር ይመስላል። ስለዚህ «እሺ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «አላስቀይምህም» ማለት ነው። ለጥናት የሚያስፈልገው ግን ሌላ «እሺ» ነው። ሰውየው ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ምን ሊያስጨንቀው እንደሚችል፣ መልሱ የት እንደሚቀመጥ አውቆ የሚለው «እሺ»። መሀል ላይ ተነስቶ ቢሄድም ምንም እንደማይቀርበት አምኖ የሚለው «እሺ»።

በጣም የተለመደውን ጥፋት ልንገራችሁ። መምህሩ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል መጠይቅ ያድላል። «ፈቃደኛ የሆናችሁ ሙሉ» ይላል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ይሰበስባል። ማርኩ በእጁ ነው። ማን ነው ባዶ ወረቀት የሚመልስለት? መምህሩ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን ያ ክፍል ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቱን ሌላ ሰው ያድል። የተዘጋ ሳጥን ይቀመጥ። ባዶውም የተሞላውም ታጥፎ እዚያው ይግባ። ማን እንደሞላ፣ ማን እንዳልሞላ ማንም አይወቅ።

ከቀበሌ ወይም ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤም እንዲሁ ያሳስታል። ደብዳቤው በር ያስከፍታል እንጂ በውስጥ ያለውን ሰው አይተካም። የአካባቢው ሽማግሌ ፈቀዱ ማለት ልጃቸው ወይም ጎረቤታቸው ፈቀደ ማለት አይደለም። ሕፃናት ላይ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ልጁ ራሱም በሚገባው ቋንቋ ተጠይቆ መስማማት አለበት። እናቱ ፈርማለት እሱ እያለቀሰ ከሆነ ጥናቱ እዚያው ይቆማል።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በሚባል አካባቢ፣ የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ኖረ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የተነገራቸው ግን «መጥፎ ደም» አለባችሁ ተብሎ ነው። ነፃ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ለበሽታው ፍቱን መሆኑ ሲታወቅ ሆን ተብሎ ተከለከሉ፤ በሽታው ሳይታከም ምን እንደሚያደርስ ለማየት። ነገሩ በጋዜጣ የወጣው በ1972 ነው። እነዚያ ሰዎችም «እሺ» ብለው ነበር የገቡት። ለምን እሺ እንዳሉ ግን አላወቁም። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምታገኟቸው፣ ቤልሞንት ሪፖርት በተባለው የአሜሪካ ሰነድ ላይ ያሉት ሦስቱ የምርምር ሥነ ምግባር መርሆች፣ ማለትም ሰውን ማክበር፣ ለሰው በጎ ማድረግና ፍትሕ፣ ይህን ጉድ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጡ ናቸው። ስትሸመድዷቸው እነዚያን ሰዎች አስቧቸው።

ታዋቂ ጥናቶችን እንደ ተረት መያዝ

የስታንሊ ሚልግራምን ጥናት የማያውቅ የሥነ ልቦና ተማሪ የለም። ብዙው የሚያውቀው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 65 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ1961 የየል ዩኒቨርሲቲው ሚልግራም ተሳታፊዎችን «አስተማሪ» አድርጎ አስቀመጠ። በሌላ ክፍል ያለው «ተማሪ» በተሳሳተ ቁጥር ከ15 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ እንዲለቁበት አዘዘ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ግን አያውቁም። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

ከዚህ ተነስቶ «የሰው ልጅ 65 በመቶው ጨካኝ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አጋጥሞኛል። ሚልግራም ግን ሙከራውን በብዙ መልክ ደጋግሞታል። «ተማሪው» እዚያው ክፍል ሲቀመጥ እስከ መጨረሻ የሄዱት 40 በመቶ ሆኑ። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝዝ ደግሞ ወደ 20 በመቶ ወረዱ። ሁኔታው ሲቀየር ታዛዥነቱም ተቀየረ። የጥናቱ ፍሬ እዚህ ላይ ነው እንጂ በአንዷ ቁጥር ላይ አይደለም።

ሥነ ምግባሩን በተመለከተም ተማሪዎች «ሚልግራም መጥፎ ሰው ነበር» ብለው ይዘጉታል። ይህም መቸኮል ነው። እርግጥ ተሳታፊዎቹ አላባቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ማቆም ሲፈልጉ «ሙከራው እንዲቀጥሉ ይጠይቃል» ተባሉ። ይህ ፈቃድን መሻር ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1964 በጽሑፍ ተቃውማዋለች። በሌላ በኩል በኋላ ሲጠየቁ 84 በመቶ የሚሆኑት በመሳተፋቸው ደስተኛ ነን ብለዋል። ሁለቱንም ይዛችሁ ተከራከሩ። እኔ ከባውምሪንድ ጋር ነኝ። ሰው በኋላ ደስ ስላለው ብቻ ያን ጊዜ የደረሰበት ጭንቀት ትክክል አይሆንም። ማታለል ዛሬም በአንዳንድ ጥናት ይፈቀዳል፤ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ጉዳት የማያደርስ ከሆነ፣ እውነቱም ወዲያው በግልጽ ከተነገረ።

ተማሪዎችን እስረኛና ጠባቂ አድርጎ ያስቀመጠው የስታንፎርዱ የእስር ቤት ጥናት ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1971 የተጀመረው ጥናት ለሁለት ሳምንት ታስቦ በ6 ቀን ተቋረጠ። ፊሊፕ ዚምባርዶ አጥኚም የእስር ቤቱ አለቃም ሆኖ ተሳተፈ። ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ይገፋፉ እንደነበር በጊዜው ከተቀዳ ድምፅ በኋላ ላይ ታውቋል። ስለዚህ «ሥልጣን ሰውን ያበላሻል» ለማለት ይህን እንደ ንጹሕ ማስረጃ አትጥቀሱት።

«በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ሲያሳስት

የአማርኛ መጻሕፍት ላይ «በዘፈቀደ የተመረጠ ናሙና» የሚል ታገኛላችሁ። ችግሩ ዘፈቀደ በተራው ንግግራችን «እንደ ደስ ያለው፣ ያለ ሥርዓት» ማለት ነው። ተማሪው ታዲያ ካፌ በር ላይ ቆሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ ጠይቆ «በዘፈቀደ መረጥኩ» ይላል። የተፈለገው ግን ተቃራኒው ነው። ትክክለኛው ስዕል እጣ ነው። የሁሉም ስም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱም የመውጣት እኩል ዕድል አለው።

እጣውም ሁለት ዓይነት ነው። በእጣ መምረጥ ከውጤቱ ተነስቶ ስለ ብዙኃኑ ለመናገር ይረዳል። በእጣ መመደብ ደግሞ ከተመረጡት ውስጥ ማን ሙከራው ቡድን፣ ማን ማነፃፀሪያው ቡድን ውስጥ እንደሚገባ ይለያል፤ መንስኤን ለማወቅ የሚረዳው ይህ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጥያቄ ይህች ናት።

ብዛት ብቻ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ዕጩው ላንደን የፕሬዝዳንትነት ምርጫውን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠርጎ አሸነፈ። ስሞቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ አስቡት። ዛሬ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊንክ ለጥፎ «የኢትዮጵያ ወጣቶች» ብሎ የሚጽፍ ሰው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጃንጥላና ጎርፍ

ይህኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይሳሳትበታል። ከተማው ውስጥ ጃንጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ጎርፍም ይበዛል። ጃንጥላው ጎርፉን አመጣ የሚል የለም፤ ዝናቡን እናውቃለና። ስልክ የሚያበዙ ተማሪዎች ዝቅተኛ ውጤት አላቸው ሲባል ግን ዝናቡን እንረሳለን። ምናልባት ትምህርቱ የከበደው ተማሪ ይሆናል ወደ ስልኩ የሚሸሸው። ምናልባት ብቸኝነት ይሆናል ሁለቱንም ያመጣው። ተዛምዶ ብቻ ካላችሁ «አብረው ይታያሉ» በሉ። «ያመጣል» አትበሉ።

የተተረጎመ ጥያቄን እንዳለ ማደል

በጣም የምጨነቅበት ነገር ይህ ነው። ከውጭ የመጣ የድብርት መለኪያ ይተረጎምና «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደብሮዎት ያውቃል?» ይሆናል። የአዲስ አበባ ወጣት ፊልም ሲሰለቸውም «ደበረኝ» ነው የሚለው። አዎ ብሎ ያከብበታል። እናንተ የለካችሁት መሰላቸትን ነው። በአንፃሩ ከልቡ ያዘነ ሰው ደብሮኛል ላይል ይችላል። «ሆድ ብሶኛል» ይላል፣ «ልቤን ይጫነኛል» ይላል፣ ወይም «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብሎ ዝም ይላል።

አሉታዊ ጥያቄም ወጥመድ ነው። «እንቅልፍ አይወስድዎትም?» ለሚለው አንዱ «አዎ» ሲል አይወስደኝም ማለቱ ነው፤ ሌላው በዚያው «አዎ» ይወስደኛል ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ወላጆችዎና ጓደኞችዎ ይረዱዎታል?» የሚለውም አንድ ጥያቄ መስሎ ሁለት ነው። እናቱ የምትረዳው፣ ጓደኛ የሌለው ሰው ምን ይመልስ?

ደግሞም «እንዴት ነህ?» ስንባል «ይመስገን» ማለት ልማዳችን ነው። የታመመም፣ የተከፋም ይላታል። ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ያችን «ይመስገን» ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመው፤ ልዩነቱን አስተያዩ። ከዚያ ለአሥር ያህል ሰው አንብቡለትና «ምን የተጠየቅክ መሰለህ?» በሉት። ከዚህ በላይ የሚያስተምር ቀን አላውቅም።

ስም ስላልጻፈ አይታወቅም ብሎ ማሰብ

ዲፓርትመንት፣ ዓመት፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ ጠይቃችኋል እንበል። በዚያ ክፍል ሁለት ሴቶች ብቻ ቢኖሩስ? ስሟን ጻፈች አልጻፈች ታወቀች። የማትፈልጉትን መረጃ አትጠይቁ። የሞሉትን ወረቀትም ዶርም አልጋ ላይ በትናችሁ አትሂዱ።

ቁስል ነክቶ መሄድ

ራስን ስለ ማጥፋት፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ሐዘን የሚጠይቅ ተማሪ አንዳንዴ የሚያስበው ስለ ውጤቱ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። አንዷ ግን ብዕሩን አስቀምጣ ልታለቅስ ትችላለች። ያን ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? ወዴት ትልኳታላችሁ? መልስ ከሌላችሁ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ገና አልደረሳችሁም። የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ቦታውንና ሰዓቱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም ስጡ፤ ለሚያለቅሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ርዕሳችሁንም ከመስክ በፊት ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አሳዩ። «የክፍል ሥራ ብቻ ነው» የሚለው ሰበብ ለሚያለቅሰው ሰው ምንም ትርጉም የለውም።

መላምቱ እንዲሠራ ዳታን መጠምዘዝ

መላምቱ፣ ማለትም ቀድማችሁ የገመታችሁት፣ አልሠራም ማለት ጥናቱ ከሸፈ ማለት አይደለም። «ግንኙነት አላገኘሁም» የሚል ጥናትም ጥናት ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ያልተመቹትን መልሶች ያወጣል፣ ወይም የሚመቸው እስኪመጣ ሠላሳ ዓይነት ስሌት ይሞክራል። ባለሙያዎቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ውጤት አገኘን ያሉ ነበሩ። ሲደገሙ እንደዚያ የሆኑት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው በአንድ ጥናት «ተረጋገጠ» ብላችሁ እንዳትጽፉ የምለው። «ያመለክታል» ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መጠይቁን ራስ መሙላት ነው። ቀኑ ሲደርስ፣ ወረቀት ሲጎድል፣ ማታ ዶርም ቁጭ ብሎ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ መሙላት። በኔዘርላንድ ዲዴሪክ ስታፕል የተባለ ስመ ጥር ፕሮፌሰር እንዲህ ዳታ እየፈጠረ ዓመታት ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጋለጠ። ሥራውን አጣ፤ ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። አብረውት የሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ምንም ሳያጠፉ የለፉበትን አጡ። 60 መጠይቅ አድላችሁ 42 ከተመለሰላችሁ 42 ብላችሁ ጻፉ። 18ቱ ለምን እንዳልተመለሱም ከቻላችሁ ጻፉበት።