የጊታር ማገር ጫፍ ከውስጥ ጠርዝ ጋር እንዴት ይገጠማል?

የአኮስቲክ ጊታር ፊት ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስስ ጣውላ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ደግሞ ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትቱታል። ይህን ጉልበት የሚችለው ከውስጥ የተለጠፈው ማገር ነው። የማገሩ ጫፍ ግን እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ስለዚህ ጎኑን ተከትሎ ከውስጥ ዙሪያውን በሚለጠፈው ቀጭን እንጨት ውስጥ ይቀበራል። ይህን እንጨት የውስጥ ጠርዝ እንበለው። ዋንዛ ለዚህ ደስ ይላል፤ ቀላል ነው፣ ለመሮም አያስቸግርም።

መጀመሪያ ወቅት ምረጡ። በክረምት እርጥበት የጠጣ እንጨት በጋ ሲገባ ይኮማተርና ፊቱ ይሰነጠቃል። በበጋም ቢሆን ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለላችሁ። ነጭ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም። ረፋድ ላይ ለጥፉ፤ ማታ ሥራውን ሞቅ ያለ ክፍል አስገቡት።

ሁሉም ማገር አይቀበርም። በኤክስ ቅርጽ የተሻገሩት ሁለቱ ትልልቆችና ከድምፅ ቀዳዳው በላይ ያለው አግዳሚ ይበቃሉ። ትንንሾቹ ጠርዙ ጋ ሳይደርሱ ሳስተው ይለቁ። የሚቀበሩትን ጫፎች በመሮ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር አሳሱ።

የፊቱንና የጎኑን መሃል መስመር አገጣጥሙና ማገሮቹ በውስጥ ጠርዙ ላይ የሚያርፉበትን በሹል እርሳስ ምልክት አድርጉ። በቀጭን መጋዝ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ቁረጡ። መሃሉን በመሮ በጥቂት በጥቂቱ አንሱ። ጫፉ በጣት ግፊት ብቻ መግባት አለበት፤ መዶሻ ካስፈለገ ጠቧል። ርዝመቱንም እዩ፤ ጎኑን ከገፋው ከውጭ እብጠት ይታያል።

ዋናው ነገር የማረፊያው ጥልቀት ነው። ያለ ኮላ ግጠሙና ዙሪያውን በጣት መታ መታ አድርጉ። የሚንቀጠቀጥ ካለ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሏል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጫፎቹን ጠመኔ ቀቡና ተጫኑ፤ ነጭ ያረፈበትን ብቻ ፋቁ። ከመጠን በላይ ከጠለቀ ከዚያው እንጨት ስስ ፍቅፋቂ ለጥፉበት። በኮላና በሰጋቱራ መድፈን አይሆንም፤ ኮላ ክፍተት አይሸከምም።

ሲለጠፍ ማረፊያው ውስጥም ስስ ኮላ ቀቡና ዙሪያውን እኩል እሰሩ። ትርፉን ኮላ ጀርባው ሳይዘጋ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።