የርዝመት ማጠር፦ ሁሉም ስህተት ከአንድ ግትር ዘንግ ይጀምራል

ሪላቲቪቲን (የአንስታይንን የአንጻራዊነት ቲዎሪ) ለሰው ሳስረዳ ሁሌም የምንያዘው የሚሮጥ ነገር ያጥራል የሚለው ላይ ነው። ቀመሩ አይደለም የሚያስቸግረው። በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ የሚሄድ ነገር ርዝመቱ ቆሞ ሳለ ከነበረው 60 በመቶ ይሆናል፣ በቃ። የሚያስቸግረው ሳናውቀው ይዘነው የምንመጣው ሐሳብ ነው፦ ዘንግ ማለት አንዱን ጫፍ ስትገፋው ሌላውም በዚያው ቅጽበት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚለው።

"ፍጥነቱ ብረቱን ጨመቀው" አትበሉ። አብሮት ለሚጓዝ ሰው ብረቱ ምንም አልሆነም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፊትዝጄራልድና ሎረንትዝ በ1889 እና በ1892 (እ.ኤ.አ.) ማጠሩን ያሰቡት ዕቃው በኤተር (ያኔ ብርሃን ይጓዝበታል ተብሎ በሚታሰበው ነገር) ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበት ነገር አድርገው ነበር። አንስታይን በ1905 ነገሩን ወደ መለካት አመጣው። የሚሮጥ ነገርን ለመለካት ሁለቱ ጫፎች በአንድ ቅጽበት የት እንዳሉ ማወቅ አለባችሁ፤ "በአንድ ቅጽበት" የሚለው ደግሞ ለሁሉም አንድ አይደለም።

"ታዲያ ዓይናችን ነው የሚያታልለን?" የሚሉም አሉ። እሱም አይደለም። ማየትና መለካት ይለያያሉ። በ1959 ፔንሮዝና ቴሬል ለየብቻቸው እንዳሳዩት፣ በዚህ ፍጥነት የሚያልፍ ኳስ ዙሪያው ለዓይን ክብ ሆኖ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ዋናው። ግንባታ ቦታ የምታዩትን 12 ሜትር ፌሮ አስቡ። በብርሃን 80 በመቶ ፍጥነት 8 ሜትር መጋዘን ውስጥ ይገባል። ለመጋዘኑ ጥበቃ ፌሮው 7.2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም በሮች አንዴ ዘግቶ መክፈት ይችላል። ለፌሮው ግን ያጠረው መጋዘኑ ነው፣ 4.8 ሜትር። ብዙ ሰው "ይኸው ተጋጨ" ብሎ እዚህ ላይ ይተወዋል። አልተጋጨም። ከፌሮው አንጻር በሮቹ እኩል አልተዘጉም፦ መጀመሪያ የመውጫው ተዘግቶ ተከፈተ፣ የመግቢያው ዘግይቶ ተዘጋ።

እኔ አጥብቄ የምወደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የመውጫው በር ጭራሽ ባይከፈትስ? የፌሮው ፊት በሩን መትቶ ቆመ እንበል። ከፌሮው አንጻር አስሉት። "ቆመናል" የሚለው ወሬ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ ኋላ ለመድረስ 40 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይፈጅበታል። የመግቢያው በር ግን በ30 ናኖሰከንድ ኋላውን አልፎታል! ኋላው የፊቱን ነገር ሳይሰማ ገብቷል ማለት ነው፣ ፌሮውም እዚህ ላይ በእውነት ይጨመቃል። ብረት ውስጥ ደግሞ ግፊት የሚጓዘው በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሞ ያለውን ፌሮ በመዶሻ ብትመቱት ሌላው ጫፍ የሚያውቀው ከ2.4 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። ፍጹም ግትር ዘንግ ቢኖር ኖሮ ወሬ ከብርሃን ቀድሞ ይደርስ ነበር። ስለዚህ የለም።

የመጨረሻው ስህተት ባለሙያም ይጥላል። ሁለት ሮኬቶች በቀጭን ክር ተያይዘዋል፤ መሬት ላይ ላለ ሰው እኩል ተነሥተው እኩል ይፈጥናሉ። ክሩ ይበጠሳል? የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1976 እንደጻፈው፣ በሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ያሉ ባልደረቦቹ አይበጠስም ነበር ያሉት። ይበጠሳል። የሮኬቶቹ ርቀት ከመሬት ሲታይ አልተለወጠም፣ ክሩ ግን ማጠር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ይወጠራል። ክሩ እንዲተርፍ የኋላው ሮኬት ከፊተኛው ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቦርን በ1909 "ግትርነት" ያለውም ይህንኑ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ልክ የሚፈጥንበትን።