ላቷን ተዉት፣ ግቷን ዳብሱ፦ እናት በግ በውድድር እንዴት ትገመገማለች?

ወሎ ውስጥ በግ አላውቅም የሚል ሰው አይገኝም። ለአረፋም ለፋሲካም ገበያ ወርደን፣ ላት ጨብጠን፣ ተከራክረን ገዝተን እንመጣለን። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ያ ዓይን የሚታረድ በግ የሚመርጥ ዓይን ነው። በእንስሳት ትርኢት ላይ ለእርባታ የምትወዳደር እናት በግ ስትቀርብላችሁ ያንኑ ዓይን ይዛችሁ ከገባችሁ ትሸወዳላችሁ። እኔ ተሸውጃለሁ።

መጀመሪያ በጎቹን በየዝርያቸው ለዩአቸው። ከደላንታ የመጣች ጸጉራም የደጋ በግ ከባቲ በኩል ከመጣች ቀንድ አልባ የአፋር በግ ጋር አንድ መስመር ላይ አትቆምም። አንዷ ብርድ የለመደች፣ ሌላዋ ሙቀትና ረጅም መንገድ የለመደች ናት። ዶርፐር ከሚባለው የውጭ ዝርያ የተዳቀሉትም ለብቻቸው ይቁሙ። አለበለዚያ በቁመናቸው ብቻ ሁሉን ጠራርገው ይወስዳሉ።

የምታስል፣ አፍንጫዋ የሚዝረከረክ ወይም የሚያስቀምጣት በግ ከበር ትመለስ። ባለቤቱ ቢቆጣም ትመለስ። ደስታ መሰል የሚባለው ተላላፊ የበግና የፍየል በሽታ አንዴ ግቢ ከገባ ለሽልማት የመጣው መንጋ ሁሉ ይዞት ወደ ቀዬው ይሄዳል።

ቀጥሎ አስኪዱ። ሜዳ ላይ እየሄደች እዩዋት። የምታነክስ፣ ሰኮናዋ አድጎ የተጣመመ፣ የኋላ እግሮቿ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጋጩ ነጥብ ይቀነስባት። ሳር ፍለጋ ተራራ የምትወጣ በግ እግር ከሌላት ምን አላት?

ጥርስና ዓይን ብዙ ጊዜ አይወስዱም። በግ ከፊት ያላት የታችኛው 8 ጥርስ ብቻ ነው። ከ1 እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትቀይራለች፤ ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ሁለት እያለች 4 ዓመት አካባቢ ትጨርሳለች። የተሸራረፈና የረገፈ ከሆነ አርጅታለች፣ ግጦሽ መንጨት ያቅታታል። የዓይኗን የታችኛውን ቆብ ገለጥ አድርጉ፦ ቀይ ወይም ደመቅ ያለ ሮዝ ከሆነ ደህና፣ ነጭ ከሆነ ደሟን ትል እየመጠጣት ሊሆን ይችላል። ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለም እንዲሁ ጠርጥሩ።

ሰውነቷን በእጅ እንጂ በዓይን አትመዝኑ። የደጋ በግ ጸጉር አጥንትን ይሸፍናል። ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ፣ ወገቧ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማ ከስታለች። ጭራሽ ካልተገኘ ከልክ በላይ ወፍራለች፤ እንዲህ ያለችውን መሲና እንዳትሆን ጠይቁ። ጫን ስትሉ የሚገኝ፣ ዳር ዳሩ በሥጋ የተሸፈነ ከሆነ መልካም። የምታጠባ ከሆነች ትንሽ መክሳቷ ወግ ነው፣ አትቅጧት። ሆዷ ሞልቶ ቢታይም አትደነቁ። ሌሊት አሞሌ አልሳ ጠዋት ውሃ የተጋተች በግ ሁሉ ጠግባ ትታያለች። በዚህ ምክንያት የሚዛን ፍቅር የለኝም።

አሁን ወደ ግቷ። ያዋረደኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ስሆን አንዲት ነጭ በግ ቀረበች፦ ላቷ ሰፊ፣ ጸጉሯ ታጥቦ የተበጠረ፣ ከጎኗ ድንቡሼ ግልገል። አንደኛ አልኩ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አንዲት እናት ከኋላ፣ «ልጄ፣ ጡቷን ነክተኸዋል?» አሉኝ። አልነካሁም ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብዬ ዳበስኩ። የግራው ግት ድንጋይ ነው። ጡቱን ብስበው ጠብታ የለም። ባለቤቱ መሬት መሬት ያያል። ቆይቶ ግልገሏም የሌላ በግ ልጅ መሆኗ ታወቀ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታልፉም ታጠቡ፣ የግት በሽታ በእጅ ይተላለፋል። አንድ ሰው ከመንጋጋዋ ሥር ይያዛት፤ ጸጉሯን መጨበጥ ክልክል ነው። አርግዛ የከበደችውን አትገልብጧት። ከኋላዋ ተንበርክካችሁ ሁለቱን ግት በሁለት እጅ አመዛዝኑ። እኩል መሆን አለባቸው። ለስላሳ መሆን አለባቸው። የሚያቃጥል፣ የጠጠረ ወይም ጓጉላ ያለው ካለ ታማለች ወይም ታማ ነበር።

ከዚያ ጡቶቹን አንድ በአንድ እለቧቸው። የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ክዳን ላይ አውርዱት፤ የረጋ ቅንጣት ወይም ደም ቶሎ ይታያል። ጡቱ እንደ ጣት የወፈረ ከሆነ አዲስ ግልገል አፍ ውስጥ አይገባም። ግቱ ቁርጭምጭሚት ድረስ የተንጠለጠለ ከሆነ እሾህና ድንጋይ ይቆርጠዋል። የምታጠባ ካልሆነች ወተት አትጠብቁ፣ የጠጠረ ነገር ብቻ ፈልጉ።

ግልገሉ የሷ መሆኑን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ለዩአቸውና ከሌሎች ግልገሎች ጋር መልሱት። እናት የልጇን ጭራ ሥር አሽትታ ታስጠባለች፤ የሌላ በግ ልጅ ከሆነ በግንባሯ ትገፋለች። እኔ ይህን ፈተና ካመጣሁ ወዲህ የተዋሰ ግልገል ይዞ የመጣ የለም። ባለቤቱን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ መንታ ወልዳ እንደሆነ፣ ከሁሉ በላይ ስንቱ ጡት እስኪጥል እንደደረሰ ጠይቁ። እርግዝናዋ 5 ወር ገደማ ነው፤ የሚነግራችሁ ቁጥር በዕድሜዋ ልክ ካልገጠመ ሳቅ ብላችሁ እለፉት።

ነጥቤን ከ100 እንዲህ እከፍላለሁ፦ ለግት 30፣ ለልጆቿና ለወሊድ ታሪኳ 25፣ ለሰውነቷ 20፣ ለእግር 15፣ ለጥርስና ዓይን 10። ላት የለበትም። አንዳንድ ዳኞች ይህን ሲሰሙ ይቆጡኛል።

ውጤት ስትናገሩ ምክንያቱን ጨምሩ፣ ሁለተኛ የወጣው ሰው ለምን እንደሆነ ይወቅ። ግልገሎቹን ለእናቶቻቸው መልሳችሁ፣ ጥላ ሥር ውሃ አጠጡና ሸኟቸው።