የቻርጀር ስክሪን ሹፌሩ በአንድ እይታ እንዲገባው አድርጎ መሥራት

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ በመከልከሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ቻርጀር ፊት የሚቆመው ሹፌር ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነው። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ የራሱ ስክሪን ብዙ ጊዜ በቻይንኛ ነው። ከኋላው ደግሞ ወረፋ አለ። ሊያነበው የሚችለው እናንተ የምትሠሩት የቻርጀሩ ስክሪን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሦስት ነገር ይመልስለት፦ እየገባ ነው? ስንት ሰዓት ያልቃል? ስንት እከፍላለሁ? ቮልት፣ አምፔርና የሙቀት መጠን "ዝርዝር" የሚል ቁልፍ ሥር ይግቡ፤ እነሱን የሚፈልጋቸው ጠጋኙ ነው።

በቅድሚያ የኤሲን (ቀስ ብሎ የሚሞላውን) እና የዲሲን (በፍጥነት የሚሞላውን) ቻርጀር ስክሪን ለዩ። በዲሲ፣ በቻይናው የመሰኪያ ደረጃ በጂቢ/ቲም ሆነ በአውሮፓው በሲሲኤስ 2፣ መኪናው የባትሪውን መቶኛ ለቻርጀሩ ይልካል፤ ትልቁ ቁጥር እሱ ይሁን። በተለመደው ኤሲ ግን ይህ መረጃ አይመጣም፤ ቻርጀሩ የሚያውቀው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንዳወጣ ብቻ ነው። ለሁለቱም አንድ ዲዛይን የተጠቀመ ሰው ኤሲው ላይ "0%" ያስቀራል፤ ሹፌሩም "አልገባልኝም" ብሎ ገመዱን ይነቅላል። ለኤሲ የገባውን መጠንና ያለፈውን ጊዜ አሳዩ፤ መቶኛውን ከዳሽቦርዱ እንዲያይ በአንድ መስመር ንገሩት።

"ኪሎዋት" እና "ኪሎዋት ሰዓት" ጎን ለጎን ሲጻፉ ያምታታሉ። ኪሎዋት ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ፍጥነት ነው፣ ኪሎዋት ሰዓት ባልዲው ውስጥ ያለው። ስለዚህ ከቁጥሮቹ በላይ "ፍጥነት" እና "የገባው" ብላችሁ ጻፉ።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው በቀረው ጊዜ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20% ወደ 80% ለመድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ60 ኪሎዋት ቻርጀር በወረቀት ላይ 36 ደቂቃ ማለት ነው። ከ80% በኋላ ግን መኪናው ባትሪውን ለመጠበቅ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል። አንድ ግምት ብቻ ከጻፋችሁ ደቂቃው አልወርድ ይልና ጥፋቱ በቻርጀሩ ይላከካል። ለ80% እና ለ100% የሚቀረውን ለየብቻ ጻፉ፤ ፍጥነቱ ሲወርድም ምክንያቱን አብራችሁ አውጡ፦ "መኪናው ባትሪውን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ቀንሷል።" ሁለት ገመድ ያለው 120 ኪሎዋት ቻርጀር ኃይሉን እኩል የሚያካፍል ከሆነም ሁለተኛ መኪና ሲሰካ የመጀመሪያው ወደ 60 ይወርዳል። ያኔ "ኃይሉ ለሁለት መኪና ተካፍሏል" ይበል።

ሰዓቱስ? ከፋብሪካ የመጣው ሶፍትዌር "14:10" ይላል። ስድስት ሰዓት ቀንሱና "ከቀኑ 8፡10 ያልቃል" በሉ። "3:40" ብቻ ከተጻፈ ግን የቀረ ጊዜ ይሁን የሚያልቅበት ሰዓት ማንም አያውቅም። ቆይታን ሁልጊዜ በቃል፦ "40 ደቂቃ ይቀራል።"

በፊደሉ ላይ አትሰስቱ። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ትንሽ ቅጥያ ላይ ስለሆነ ለላቲን የሚበቃው መጠን አይበቃውም፤ ከአንድ ሜትር ለሚነበብ ጽሑፍ ቁመቱ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለሚታየው ዋና ቁጥር 3 ሴንቲሜትር ይሁን። የቃል ምርጫም አለበት። "ይክፈሉ" እና "ይክፈቱ" የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ቁልፉ ላይ "ሂሳብ" ብትሉ ችግሩ ይወገዳል። የአማርኛ ፎንት ስክሪኑ ውስጥ መጫኑንም አረጋግጡ፤ ካልተጫነ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው።

የስህተት መልእክት ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ካልነገረ ጥቅም የለውም። ቻርጀሩና ማዕከላዊ ሲስተሙ በሚነጋገሩበት ደንብ፣ በኦሲፒፒ 1.6 ላይ፣ "ሰስፔንድድ ኢቪ" ማለት መኪናው ኃይል አልወስድም ብሏል ማለት ነው፤ "ሰስፔንድድ ኢቪኤስኢ" ደግሞ ቻርጀሩ እየሰጠ አይደለም። ሁለቱንም "ቆሟል" ብሎ መተርጎም ስንፍና ነው። ለመጀመሪያው፦ "መኪናው ኃይል እየወሰደ አይደለም። ባትሪው ሞልቶ ወይም ቻርጅ የሚጀምርበት ሰዓት ተቀጥሮ እንደሆነ ይመልከቱ።" ለሁለተኛው፦ "ችግሩ ከቻርጀሩ በኩል ነው፤ እየጠበቁ መቆየት ካልፈለጉ ገመዱን መንቀል ይችላሉ።" የኮድ ቁጥሩ ከታች በትንሹ ይቀመጥ፤ ስልክ ሲደወል ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ስክሪኑም አብሮ ከጨለመ ሹፌሩ ሂሳቡንም አያውቅ፣ ገመዱንም ለመንቀል ይፈራል። ለመቆጣጠሪያውና ለስክሪኑ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ አስገቡ። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 10 ብር ቢሆን ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ "መብራት ጠፍቷል። የገባው 18.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሂሳብ 184 ብር። ገመዱን መንቀል ይችላሉ።" በቴሌብር አስቀድሞ የከፈለ ከሆነ ተመላሹም ስንት እንደሆነ ይጻፍ።

ቀለም ብቻውን መልእክት አይያዝ፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሹፌር አለ። ለቢሮ የተሠራ 300 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ስክሪን የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ መስተዋት ይሆናል። ከ1,000 ኒት በላይ የሆነ ግዙ፣ ከላዩም መከለያ አድርጉ። ፍተሻውን ቢሮ ውስጥ አትጨርሱት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ውጭ አውጡት፣ ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር አድርጋችሁም እዩት። በቁም የተገጠመ ስክሪን በእንዲህ ያለ መነጽር አንዳንዴ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሥራውን የማያውቁ አምስት ሹፌሮችን ጠርታችሁ፣ ስክሪኑን ለሦስት ሴኮንድ አሳይታችሁ ሸፍኑና ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቋቸው።