ደጋግሞ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ይዞ መሮጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግራ እግሬ ስንት ጊዜ ወለም እንዳለኝ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እያለሁ ኳስ ስጫወት ነው። ከዚያ አንዴ ኮብልስቶን ላይ፣ አንዴ ከታክሲ ስወርድ፣ ሁለቴ ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ። በየጊዜው ሁለት ሦስት ሳምንት አርፌ፣ እብጠቱ ሲጎድል ጫማዬን አስሬ እወጣ ነበር። አሁን አርባን አልፌያለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ቁርጭምጭሚቴ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ድርቅ ይላል። ራጁ ላይ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ጠቧል፣ ከፊት በኩል ደግሞ ትንሽ ትርፍ አጥንት በቅሏል። አርትራይተስ ነው፣ የመገጣጠሚያ መበላት።

ዛሬም ግን እሮጣለሁ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን እሮጣለሁ። እዚህ ለመድረስ ያባከንኳቸውን ዓመታት እናንተ እንዳታባክኗቸው ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

«ሪህ ነው» ብሎ መደምደም

እኛ አገር መገጣጠሚያ ካመመ ሁሉም ሪህ ነው። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ሥጋ ተውኩ። ምንም ለውጥ አላመጣም። ሪህ የሚባለው ከዩሪክ አሲድ ጋር የተያያዘ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ድንገት ይነሳል፣ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። የእኛ ሌላ ነው። ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ድርቅ ብሎ የሚፈታ፣ ብዙ ስትቆሙበት የሚያብጥ ነው።

ጉልበትና ዳሌ ላይ ይህ ነገር ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ቁርጭምጭሚት ላይ ግን ከአሥር ሰው ሰባቱ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚታመመው ድሮ በደረሰበት ስብራት ወይም ወለምታ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገና በጉልምስና ላይ ያለ፣ ስፖርት የሚወድ ሰው ያገኘዋል። ራጅ ስትነሱ ደግሞ ቆማችሁ እንዲሆን ጠይቁ። ተኝታችሁ ከተነሳችሁ ክብደት ስለሌለበት ክፍተቱ ሰፊ መስሎ ሊታይ ይችላል። የእኔ የመጀመሪያው ራጅ «ንጹሕ ነው» የተባለው እንዲህ ነው።

ወለምታን «ታሽቶ ያልፋል» ማለት

ይሄ ከሁሉም የባሰው ስህተቴ ነው።

ወለም ሲለኝ በማግሥቱ ወጌሻ ጋ እሄድ ነበር። «ቦታውን ለቋል» ይሉኛል፣ ቅባት ቀብተው ያሹኛል፣ ላብ በላብ እስክሆን ይጎትቱኛል፣ «በቃ ገብቷል» ብለው ያስሩኛል። ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ አያቴም የሚታመኑ ወጌሻ ነበሩ። ግን ወለምታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የለቀቀ አጥንት የለም። የተለጠጠ ወይም የተቀደደ ጅማት ነው ያለው፣ በተለይ ከውጪ በኩል ከፊት ያለው። ገና ትኩስ ሳለ ማሸት እብጠቱን ያባብሰዋል፣ ከሥር ስብራት ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚያስፈልገው ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መያዝና ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም ግራና ቀኝ የወጡትን አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው ስትጫኑ አጥንቱ ራሱ ካመመ፣ ቀጥታ ራጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚዘነጋው። እብጠቱ ሲጠፋ የዳነ ይመስላል፣ ጅማቱ ግን ላልቶ ይቀራል፣ እግርም ሚዛኑን ይረሳል። መሬቱ ትንሽ ሲያዘነብል ቁርጭምጭሚት ራሱን የሚያስተካክለው እኛ ሳናስብበት ነው፣ ያ ፍጥነት ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ድጋሚ ወለም ይላል። በየጊዜው ደግሞ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልም አጥንት ይጋጫል፣ ይፋቃል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፣ ስለዚህ እንደ ቆዳ ቁስል አይሽርም። ነርቭም የለውም፣ ስለዚህ ሲበላ አይነግራችሁም። እኔ ያወቅኩት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ጥርሴን ስቦርሽ በግራ እግሬ ብቻ እቆማለሁ። መጀመሪያ ስምንት ሰከንድ አልሞላኝም፣ መታጠቢያውን እይዝ ነበር። አሁን ጥርሴን ቦርሼ እስክጨርስ እቆማለሁ፣ አንዳንዴም ዓይኔን ጨፍኜ እሞክራለሁ። ከዚህ ልማድ ወዲህ ወለም ብሎኝ አያውቅም።

ሕመሙን እየሮጡ መለካት

«ስሮጥ እኮ አያመኝም፣ ከሞቀ በኋላ ይጠፋል።» ይህን ስንቴ ብያለሁ መሰላችሁ። እውነት ነው፣ ይጠፋል። መገጣጠሚያው ሲሞቅ ይፈታል፣ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዕድሜዬ ሃያ ይመስለኛል። ሂሳቡ የሚመጣው ማታ ወይም በማግሥቱ ነው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ፊዚዮቴራፒስቷ «በማግሥቱ ጠዋት ምን ይመስላል?» ብላ ደጋግማ ስትጠይቀኝ መልሱን ያገኘሁት ደረጃው ላይ ነው። ጠዋት ስወርድ አንዱን እግር ባንዱ እያስቀደምኩ፣ ብረቱን ሳልይዝ ከወረድኩ የትናንቱ ሩጫ ልክ ነበር። ብረቱን ይዤ፣ ጎኔን አዙሬ፣ እንደ ሕፃን ሁለቱንም እግር እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እያሳረፍኩ ከወረድኩ በዝቷል። ሌላው ምልክት ካልሲ ነው። ማታ ሳወልቅ የላስቲኩ መስመር ግራ እግሬ ላይ ከቀኙ ጠልቆ ከታየ አብጧል ማለት ነው።

ሩጫው ላይ ሕመሙ ከአሥር እስከ ሦስት ቢደርስ፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደተለመደው ከተመለሰ እቀጥላለሁ። ካልተመለሰ ቀጣዩን ሩጫ በግማሽ እቆርጣለሁ፣ አልከራከርም። ሁለት ሳምንት ደረጃው ሰላም ከሆነ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ አንድ ብቻ፣ ወይ ደቂቃ ወይ ፍጥነት። ሁለቱን አንድ ላይ ጨምሬ ሳልቀጣ የቀረሁበት ጊዜ የለም። የጀመርኩት አራት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር አንዴ ከመሮጥ አራት አራት ሁለት ቀን ከፍሎ መሮጥ ለእኔ በጣም ይሻለኛል።

ማስታገሻ ውጦ መውጣት

አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ውጦ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሮጥ። አታድርጉት። አንደኛ፣ ያ ሕመም መቼ ማቆም እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ዋናው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ መድኃኒቶች በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳሉ፣ በላብ ውኃ ያጣ ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ያስጨንቃሉ። ጨጓራ፣ ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ በሩጫ ቀን ብቻ ሳይሆን በሌላም ቀን መውሰድ የለበትም። የኮርቲዞን መርፌም እንዲሁ ነው፣ ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፣ ግን ሲደጋገም ልም አጥንቱን ራሱን ይጎዳል። ለውድድር ብሎ መወጋት ከራስ ጋር መጣላት ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሳብኝ ክርክር አለ። «ኃይሌ እኮ ሲድኒ ላይ ታሞ ነው ያሸነፈው!» አዎ፣ መስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘውን የአኪሊስ ጅማቱን እያመመው ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ያንን ሩጫ ሳስታውስ ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል። ግን ኃይሌን ያመመው ጅማት ነበር፣ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። እንዲህ ያለ ጅማት ጊዜ ከተሰጠው ይጠገናል፣ የተበላ ልም አጥንት ግን አይመለስም። እሱ የሮጠው ደግሞ ለኦሊምፒክ ወርቅ ነው። የእኔና የእናንተ ነገ ጠዋት ሌላ ነው።

የደረቀውን በግድ ማሳሳብ

ይሄ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ቁርጭምጭሚት ሲደርቅ ማሳሳብ ይመከራል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ግን ከፊት ትርፍ አጥንት ካለ፣ እግርን ወደ ላይ ባጠፋችሁ ቁጥር ሁለቱ አጥንቶች መሀላቸው ያለውን ሥጋ ይቆነጥጡታል። እኔ በየቀኑ ግድግዳ እየገፋሁ አንድ ወር ሙሉ አሳሳብኩ፣ ባሰብኝ።

እንዲህ ሞክሩት። ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ እስከቻላችሁት ርቃችሁ፣ ተረከዛችሁን ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳውን አስነኩ፣ ከዚያ የእግራችሁ አውራ ጣት ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ለኩ። የእኔ ቀኝ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 4 ነው። አሁን የሚወጠረው የት እንደሆነ አስተውሉ። ከኋላ፣ ባት ላይ ከሆነ ማሳሳብ ይረዳል። ከፊት ከቆነጠጠ ተዉት። እንደዚያ ላለው ሰው የሚሻለው ተረከዙ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከፊት እንደ ጀልባ ቀና ያለ ጫማ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ብዙ ሳይታጠፍ እግሩ ይንከባለልለታል። የባት ማጠንከሪያውን ግን ማንም አይተው፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ሳይሆን ለጥ ባለ ወለል ላይ፣ በጣት መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ።

ለስላሳ መሬት ሁሉ ጥሩ ነው ማለት

አገራችን ውስጥ ሯጭ ሁሉ ከአስፋልት ሽሽ ይባላል። ለጤነኛ እግር ጥሩ ምክር ነው። ለላላ ቁርጭምጭሚት ግን ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ከአስፋልት የባሰ ነው። ሁለቱም የሱሉልታ ወለምታዎቼ እንደዚያ የመጡ ናቸው። ምርጡ ለጥ ያለ፣ የተደለደለ የአፈር መንገድ ነው። ከጠፋ፣ መኪና ሳይበዛ በማለዳ ለጥ ያለ አስፋልት ይሻላል። አስፋልት ወደ ጠርዙ ያዘነብላል፣ ስለዚህ በሄዳችሁበት ጠርዝ ተመለሱ፣ ሁልጊዜ አንዱ እግር ብቻ እንዳይጣመም። እንጦጦን ተውኩት። ዳገቱ ከፊት ይቆነጥጠኛል፣ ቁልቁለቱ ይደበድበኛል። የባሕር ዛፉ ሽታ ይናፍቀኛል፣ እሱንም አሁን በእግሬ እየተራመድኩ ነው የማገኘው።

ሰልባጅ ጫማም ተጠንቀቁ። ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ሶሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ግን ሞቷል። በአውራ ጣት ጫኑት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አትግዙ።

ጭራሽ ማቆም

«በቃ አትሩጥ» ተብዬ ስምንት ወር ተቀምጫለሁ። ክብደቴ ጨመረ፣ ባቴ ሟሸሸ፣ ድርቀቱም ባሰ። ልም አጥንት የሚመገበው እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው፣ ዝም ሲል ይራባል። ሩጫ የማይቻልበት ሳምንት ብስክሌት ወይም ዋና አለ። ቁርጭምጭሚቱ ድንገት ከተቆለፈ፣ ወይም ቀልቶ ግሎ ትኩሳት ካመጣ ግን ወደ ሐኪም ነው፣ ወደ ሜዳ አይደለም።

ታላቁ ሩጫ ላይ ከፊት መሰለፍ

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫን ማን ይተዋል። እኔም አልተውኩም። ግን ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መሬቱ አይታይም፣ ከኋላ ይገፋሉ፣ ውኃ የተጠጣበት ፕላስቲክ እግር ሥር ይንከባለላል። ለእኛ አደጋው 10 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። ባለፈው የቁርጭምጭሚት መደገፊያዬን አሰርኩና መስቀል አደባባይ ከኋላ፣ ከዳር ቆምኩ። ግፊያው እስኪሳሳ ተራመድኩ። ከዚያ አራት ደቂቃ ሮጥኩ፣ አንድ ተራመድኩ፣ እንደዚያው እስከ መጨረሻው። ጓደኞቼ ቀድመውኝ ገብተው ሜዳሊያቸውን አጥልቀው ጠበቁኝ። ማግሥቱን ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ስወርድ ብረቱን አልያዝኩም።