ከግቢ ከወጣችሁ በኋላ ሲኒየሮቻችሁን እንዴት እንደምትጠይቁ

የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬን) ይዤ አዲስ አበባ ስገባ ሥራም፣ ቤትም፣ ዋስም አልነበረኝም። ሦስቱንም በመጨረሻ ያገኘሁት በግቢ ልጆች ነው። ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ መጠየቅ ስለማልችልበት ነው። እናንተ ያን ያህል እንዳትቆዩ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ግቢ ሳላችሁ ጀምሩ

ወደ አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ አንድ ዶርም ውስጥ የጎንደር፣ የወላይታ፣ የጅግጅጋና የአዲስ አበባ ልጅ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ። ያኔ ልብ አንለውም። ጥቅሙ የሚታየው በኋላ ነው። አንዲት የባቼ ልጅ ሰመራ ሥራ ስታገኝ በከተማው ማንንም አታውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ያረፈችው በዶርም ጓደኛዋ እናት ቤት ነው። ቤት ያከራዩዋትም የእናትየው ጎረቤት ናቸው።

ስለዚህ የዶርም ልጆችን፣ ከእናንተ አንድና ሁለት ዓመት የሚቀድሙትን፣ የፕሮጀክት አማካሪያችሁንም ስልክ ያዙ። ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተዉት። ስልክ ይሰረቃል፣ ቁጥር ይቀየራል፣ ግሩፕም ይበተናል። እኔ አሁን ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። የምረቃ መጽሔታችሁንም አትጣሉ። ከስንት ዓመት በኋላ የሰው ሙሉ ስም ከነአባቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። አምና የተፈተነ ልጅ የሚነግራችሁ ከየትኛውም የማጠናከሪያ ክፍል ይበልጣል። የትኛው ኮርስ ላይ ጊዜ እንዳባከነ፣ የትኛውን ንቆ እንደተጎዳ ጠይቁት።

2. ማን የት እንዳለ እወቁ

የባች ግሩፕ፣ የዲፓርትመንት ግሩፕ፣ ግቢ ጉባኤ፣ ፌሎውሺፕ፣ ጀመዓ፣ የተሳተፋችሁበት ክበብ። ከእነዚህ አንዱ ውስጥ የምትፈልጉትን ሰው የሚያውቅ አይጠፋም። ሊንክድኢን ውጭ ሀገር ያሉትን ለማግኘት ጥሩ ነው። ሀገር ውስጥ ላለ ሰው ግን ከእሱ ይልቅ አንድ የጋራ ወዳጅ ይሻላል ባይ ነኝ። መምህራንንም አትርሱ። አንድ መምህር የአሥር ባች ተማሪ የት እንደደረሰ ሊያውቅ ይችላል።

3. የመጀመሪያዋን መልእክት ጻፉ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ለ34 ሰው አንድ ዓይነት መልእክት ላክሁ። «ሰላም ነው? ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ ያለ ነገር ካለ ተባበሩኝ» ይላል። ሲቪዬንም አያያዝኩ። የመለሱልኝ ሦስት ናቸው። ሦስቱም «እሺ፣ እናያለን» አሉ። ሰው ጨካኝ ሆነ ብዬ በጣም አዘንኩ።

በኋላ እኔም ሥራ ይዤ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ ነገሩ ገባኝ። «ያለ ነገር ካለ» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? ሥራ የሚሰጠው አለቃዬ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ልጁን ልረዳው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን እንዳደርግለት አልነገረኝም። «ማታ እመልሳለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። በዚያው ይረሳል።

አሁን ቢሆን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ካንተ ሦስት ዓመት በኋላ ከአካውንቲንግ ዲፓርትመንት የተመረቅኩ ነኝ። ስልክህን የሰጠኝ የዶርም ጓደኛህ ነው፤ እንድጽፍልህም ነግሮኛል። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አይቼ ተመዝግቤያለሁ። እናንተ ጋ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው ወይስ በሌላ ሲስተም? እሱን ካወቅኩ እስከ ፈተናው ልለማመድበት ብዬ ነው። ሥራ ላይ ከሆንክ ሲመችህ መልስልኝ።»

መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ፣ ቀጥሎ በማን በኩል እንደመጣችሁ ይታወቃል። የጋራ ወዳጁ ስም ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ሳታስፈቅዱ የሰው ስም አትጥሩ። ከዚያ የራሳችሁን ድርሻ እንደተወጣችሁ ታሳያላችሁ፤ ማስታወቂያውን አይታችኋል፣ ተመዝግባችኋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰውየው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ቢሆን ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ለጠየቀ ሰው መላሹ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው አልፎ ይሄዳል። በኋላ እንዲህ ጽፌለት ስለ ፒችትሪው የነገረኝ ሲኒየሬ ፈተናው ላይ ስለ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች) ጥያቄ እንደሚበዛ የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው።

«ሰላም ነው?» ብላችሁ ብቻ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። ሰውየው «ሰላም» ይላል፣ እናንተ «እንዴት ነህ» ትላላችሁ፣ ሦስት ቀን በሰላምታ ያልቃል። ቮይስም አትላኩ። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ከፍቶ አይሰማም።

አንተ ልበል ወይስ እርስዎ ለሚለው፦ በግቢ የተገናኛችሁት ሰው ከሆነ አንተ ወይም አንቺ በሉ። ከእናንተ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቀድም ከሆነ በአንቱታ ጀምሩ። እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ አትቀይሩት።

መልስ ካልመጣ አንድ ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ተዉት። አትቀየሙ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፈተና አሾልክልኝ፣ ስሜን አስገባልኝ፣ አለቃህን አናግርልኝ አይባልም። በዘመድ የሚገባ ሰው ስንት ልጅ እንደሚያስለቅስ ማስታወቂያ ቦርድ ሥር ቆመን አይተነዋል። መረጃ መጠየቅ ሌላ ነው። ይህን የሚለይ ሲኒየር ያከብራችኋል። የማይለየውን ደግሞ አትጠጉት።

4. ዋስ ሲያስፈልጋችሁ

ሥራው ተገኘ፣ ፈተናው ታለፈ፣ ከዚያ «ዋስ አምጣ» ይባላል። በተለይ ገንዘብና ንብረት የሚያዝበት ሥራ ላይ ይህ አይቀርም። አብዛኛው ቀጣሪ የሚፈልገው ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል። ዘመዶቹ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሆኑበት ልጅ እዚህ ጋ ይቸገራል። እኔም ተቸግሬያለሁ። የተሰጠኝ አምስት ቀን ነበር።

ይህ የግቢ ልጅ ሊያደርግላችሁ ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ለእናንተ ጥፋት በገንዘቡ ይጠየቃል። በዚያ ላይ ለአንድ ሰው ዋስ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ለሌላ ሰው ሁለተኛ ደብዳቤ ላይሰጠው ይችላል፤ ነገ ለወንድሙ ቢያስፈልገውስ? ስለዚህ በቴክስት አይጠየቅም። ሄዳችሁ፣ ፊት ለፊት፣ ሥራው ምን እንደሆነና በእጃችሁ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያልፍ ነግራችሁ ጠይቁ። እምቢ ቢል ወዳጅነታችሁ እንደማይጎዳ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከልባችሁም ይሁን።

ውሉን ሳታነቡ አታስፈርሙት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። መጠኑ ባዶ ከሆነ እንዲሞላ ጠይቁ። ይህን የምታደርጉት ለወዳጃችሁ ነው። ሥራውን ስትለቁም ዋስትናው እንዲነሳለት ደብዳቤ አጽፋችሁ ስጡት።

5. ሰነድና የሩቅ ጉዳይ

የወጪ መጋራት ክፍያ ሳይጠናቀቅ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ ትራንስክሪፕት ብትፈልጉ ደግሞ የውጭ ሀገር ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ከሬጅስትራሩ በቀጥታ የተላከውን፣ የታሸገውን ነው። ለዚህ በዩኒቨርሲቲው ከተማ የቀረ የባች ልጅ ያስፈልጋችኋል። ውክልና ስጡት፤ የትራንስፖርቱንና የአገልግሎቱን ክፍያ ሳይጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ላኩ።

6. ውጤቱን ንገሩ

እዚህም አጥፍቻለሁ፤ ይህኛው ዛሬም ያመኛል። አንድ ሲኒየሬ መሥሪያ ቤታቸው ሰው እንደሚፈልግ ነግሮኝ ፈተና እንድፈተን አበረታታኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ሌላ ቦታ ተቀጠርኩና ዝም አልኩ። አልደወልኩም። ልጁ ግን ለአለቃው «የማውቀው ጎበዝ ልጅ ይመጣል» ብሎ ነበር። የፈተናው ቀን ስሜ ተጠርቶ ጠፋሁ።

ከዓመት በኋላ ከእኔ በታች የነበረ የዶርም ልጅ ሥራ ሲፈልግ ያን ሲኒየር አስታውሼ ስልኩን ሰጠሁት። ሲኒየሬ በትሕትና ነው ያናገረው፤ ግን «ከእንግዲህ ሰው አልጠቁምም» አለው። ዋጋውን የከፈለው ያ ልጅ ነው። ሲኒየሬን ቢሮው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅርታ አደረገልኝ። ልጁ ያጣው ዕድል ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ተሳካም አልተሳካም ደውሉ። «ፈተናውን አልፌያለሁ» ወይም «አልተሳካም፣ ስለ ምክርህ ግን አመሰግናለሁ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላም በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በኢድ ሰላም በሏቸው። ከግሩፕ ግሩፕ የሚዞረውን የአበባ ፎቶ ግን አትላኩ፤ ማንም አያነበውም። ስማቸውን ጠርታችሁ አንድ መስመር ጻፉ።

7. ለታናሾቻችሁ መልሱ

ሥራ በያዛችሁ በዓመቱ ለእናንተም መጻፍ ይጀምራሉ። ጥያቄው ያልጠራ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ «የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ተመዝግበሃል?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። እኔን በዚያች ማታ ከ34ቱ አንዱ እንኳ እንዲህ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዙ ወር ይተርፈኝ ነበር። የማታውቁት ጉዳይ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጠቁሙ። ቁጥሩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ።