ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን፦ እናቶቻችን ሊርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት አንዲት እናት ይገባሉ። ነጠላቸውን ገልጠው ያራግባሉ። «ልጄ፣ ውስጤ እሳት ሆነብኝ» ይላሉ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እንቅልፍ አጥተዋል። የወር አበባቸው ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለእንዲህ ያለው የማረጥ ወላፈን ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚያህል መድኃኒት የለም። ይበልጥ የሚጎዳውም ያለ ቦታው ሲገባ ነው።

ከዓረብ አገር የተላከውን ኪኒን ዝም ብሎ መጀመር

ይሄ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ወሎ ውስጥ ልጇን ጅዳ ወይም ዱባይ ያልላከች እናት ጥቂት ናት። ልጅ ደግሞ የእናቷን ስቃይ በስልክ ትሰማለች፣ አያስችላትም፣ አሠሪዋ የምትወስደውን መድኃኒት ገዝታ ትልካለች። ፍቅር ነው። ግን አሠሪዋ ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የእናት ማህፀን ግን አለ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል የማህፀን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማህፀን ያላት ሴት ሽፋኑ እንዳይወፍር የሚከላከል ፕሮጄስትሮን ወይም የእሱ ዓይነት መድኃኒት አብራ መውሰድ አለባት። ማህፀኗ የወጣላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል። ኪኒኑን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው «እማማ፣ ማህፀንዎ አለ?» ብዬ ነው። አንዳንዶቹ ያፍራሉ። ጥያቄው ግን ነውር የለበትም።

የወሊድ መከላከያን በምትኩ መውሰድ

«ይሄም ሆርሞን፣ ያም ሆርሞን» ይባላል። አይደለም። በተለመደው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚሰጠው የበረታ ነው። ዕድሜዋ 50 ላለፈና ደም ግፊት ላለባት ሴት የደም መርጋትንና የስትሮክን አደጋ ይጨምራል።

«ካንሰር ያመጣል» ብሎ በሩን መዝጋት

ፍርሃቱ የመጣው በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ ትልቅ ጥናት ነው። ሁለቱን ሆርሞን ወይም ባዶ ኪኒን የወሰዱ 16,608 ሴቶች ነበሩበት። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል የጡት ካንሰር በ8፣ ስትሮክ በ8፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትም በ8 ጨመረ። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በ5 ቀነሰ። ስምንት እናት ቀላል ነው አልልም። ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ወላፈኑ የሚያቃጥላት የ51 ዓመት ሴት አይደለችም። ማህፀናቸው ወጥቶ ኢስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ ስትሮክ ጨመረ፣ የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም።

ዛሬ ሐኪሞች የሚሉት ይህን ነው፦ ዕድሜዋ ከ60 በታች ከሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ካልሞላት፣ ስቃዩ የበረታባትና የሚከለክላት በሽታ የሌለባት ሴት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ያመዝንላታል። ከ45 ዓመቷ በፊት ያረጠች ሴት ደግሞ አጥንቷ ቶሎ እንዳይሳሳ ጭምር ሐኪም ማየት አለባት።

ለዚህም ነው ምንም ሳያማቸው «ልቤን ይጠብቅልኝ» ብለው በ70 ዓመታቸው መጀመር ለሚፈልጉ የማልመክረው። ለዚያ የሚሆን መድኃኒት አይደለም።

የድሮ በሽታን መደበቅ

የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ እግር ላይ የረጋ ደም፣ የጉበት በሽታ ኖሮ ከሆነ ለሐኪሙ መነገር አለበት። አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ የመድኃኒቱን መልክ ያስቀይራል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ከሚዋጠው ይልቅ ለደም መርጋት ያለው አደጋ ያነሰ ነው።

«አበባዬ ተመለሰ» ብሎ መደሰት

ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም፣ ምርመራ ያስፈልገዋል። የማህፀን ካንሰር ቀድሞ የሚያሳየው ምልክት ይሄው ነው። እባካችሁ አትቆዩ።

ላብን ሁሉ በማረጥ ማሳበብ

ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ለሚኖሩ ይህ የበለጠ ይሠራል። እዚያ ወባ አለ። ላቡ ከብርድ ብርድ ማለትና ከትኩሳት ጋር ከመጣ ደም ይመርመሩ። ሳልና ክሳት ካለበት ደግሞ ሳንባን ማየት ያስፈልጋል።

የሚያቃጥለውን የብልት ድርቀት በሆድ መያዝ

አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ይህ አይነሳም። ከባል ጋር መገናኘት ስቃይ ሆኖባት፣ ሽንቷም እያቃጠላት ዓመታት የምትችል ሴት አለች። ለዚህ ብልት ውስጥ የሚደረግ ጥቂት ኢስትሮጅን ያለው ቅባት አለ። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከላይ ያልኳቸው አደጋዎች እምብዛም የሉበትም። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምረው።

ባለፈው አንዲት እናት መድኃኒት ቤቱ ባዶ እስኪሆን ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። ከባንኮኒው ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አብሽሩ እማማ፣ ይንገሩኝ» አልኳቸው።